ጁኒየር ሴያው፡ ለጭብጨባ የተከፈለ ዋጋ

የአሜሪካ ፉትቦል እኛ ጋ ብዙ ተመልካች የለውም። ሌሊት ተነስቶ ሱፐር ቦውል የሚያይ ካለ ወይ አሜሪካ ኖሮ የመጣ ነው፣ ወይ እንቅልፍ እምቢ ያለው። ሆኖም የዚህ ስፖርት የአንድ ሰው ታሪክ የአርሰናልንም የማንቸስተርንም ደጋፊ ይመለከታል። ሰውየው ጁኒየር ሴያው ይባላል።

በዚህ ጨዋታ እያንዳንዱ ቡድን 11 ሰው ያሰልፋል። ሴያው የተጫወተበት የላይንባከር ቦታ ከፊት ከተደረደሩት ግዙፍ ተከላካዮች ጀርባ ነው። ላይንባከር ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ይጥላል፣ ኳስ አከፋፋዩን ኳርተርባክ ያሳድዳል፣ ረጅም ኳስ ሲወረወር ደግሞ ወደ ኋላ ሮጦ ያቋርጣል። በእኛ ኳስ እንመስለው ካልን ሮይ ኪንን ማሰብ ነው። ልዩነቱ እዚያ በሙሉ ሩጫ ሰው ላይ መጋጨት ፋውል ሳይሆን ሥራ መሆኑ ነው።

ወላጆቹ ከሳሞአ የሄዱት ሴያው የካሊፎርኒያ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የተወለደበት ከተማ ክለብ ሳንዲያጎ ቻርጀርስ በ5ኛ ምርጫ ወሰደው። ከዚያ በኋላ ያለው ጉድ ነው። ከ1991 ጀምሮ 12 ጊዜ በተከታታይ ለኮከቦች ጨዋታ ተመረጠ። በማያሚ ዶልፊንስና በኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስም ተጫውቶ፣ 20 የውድድር ዘመንና 268 የመደበኛ ሊግ ጨዋታዎች ቆጠረ። ብዙዎች ሦስትና አራት ዓመት በማይቆዩበት ሊግ ይህ እንደ ተአምር ነው። ሁለት ጊዜ ሱፐር ቦውል ደርሶ ሁለቱንም ተሸነፈ። በተለይ በ2007 የውድድር ዘመን ከፓትሪየትስ ጋር በመደበኛው ሊግ 16 ጨዋታ ሳይሸነፉ ሄደው በመጨረሻው ቀን በኒውዮርክ ጃያንትስ 17 ለ 14 መረታታቸው እስከ ዛሬ ይወራል።

ዝናው የገነነው ግን በጥር 1995 ፒትስበርግ ላይ ነው። በአንገቱ ላይ ነርቭ ተቆንጥጦበት እየታመመ ገብቶ 16 ታክል ሠራ፤ ቻርጀርስም 17 ለ 13 አሸንፎ ለመጀመሪያ ጊዜ ሱፐር ቦውል ገባ። ጋዜጦች ጀግና አሉት፣ ደጋፊው አበደ። እኛም ብንሆን እናጨበጭብ ነበር። ራሱ ላይ ፋሻ ጠምጥሞ የሚመለስ ተከላካይ ስናይ “ወንድ ነው!” የምንል ሰዎች አይደለን?

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሴያው በነዚያ ሁሉ ዓመታት በሊጉ የጉዳት ዝርዝር ላይ አንድም ጊዜ በአንጎል መናወጥ አልተመዘገበም። የቀድሞ ባለቤቱ በበኩሏ ብዙ ጊዜ እንደደረሰበት ተናግራለች። የሆነው ግልጽ ነው፤ ሰውየው አመመኝ አላለም፣ የጠየቀውም የለም።

በ2009 የውድድር ዘመን ማብቂያ ጫማውን ሰቀለ። ግንቦት 2012 በ43 ዓመቱ የገዛ ሕይወቱን አጠፋ። ቤተሰቡ አንጎሉ እንዲመረመር ፈቀደ፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋምም በጥር 2013 ሲቲኢ የተባለው በሽታ እንደተገኘበት አስታወቀ። ይህ በሽታ ተደጋጋሚ የጭንቅላት ምት የሚያመጣው ነው። ቀስ እያለ አንጎልን ይበላል፤ ከመርሳት፣ ከጭንቀትና ከቁጣ ጋርም ይያያዛል። እርግጥ የአንድን ሰው ሞት በአንድ በሽታ ብቻ ማሳበብ አይቻልም። ግን የሴያው አንጎል ጤነኛ እንዳልነበረ ተረጋግጧል።

ሊጉ ይህን አያውቅም ነበር? ናይጄሪያ የተወለደው ዶክተር ቤኔት ኦማሉ የሌላውን ተጫዋች የማይክ ዌብስተርን አንጎል መርምሮ ግኝቱን ያሳተመው በ2005 ነው። የሊጉ ሐኪሞች ጽሑፉ እንዲሰረዝ ነበር የጠየቁት። አንድ የሊጉ ኃላፊ በጨዋታውና በሲቲኢ መካከል ግንኙነት መኖሩን በኮንግረስ ፊት ያመነው በ2016 ነው። ከዚያ በፊት ከ4,500 በላይ የቀድሞ ተጫዋቾች ከስሰው ሊጉ በ2013 ለ765 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ፤ በኋላ ዳኛዋ ገንዘቡ አይበቃም ብለው ጣሪያው ተነሳ፣ ክፍያውም ከአንድ ቢሊዮን ዶላር አለፈ። የሴያው ቤተሰብ ከስምምነቱ ወጥቶ ለብቻው ተሟገተና በ2018 በድርድር ጨረሰ።

በነሐሴ 2015 ሴያው የዝነኞች አዳራሽ ሲገባ ልጁ ሲድኒ እንደ ሌሎቹ የመግቢያ ንግግር እንድታደርግ አልተፈቀደላትም። አዳራሹ ለሟቾች ያለው ደንብ ነው ቢልም ብዙዎች አልተዋጠላቸውም።

ታዲያ የሰውየው ውርስ ምንድን ነው? ታክሉ? ዋንጫ የለው። ለእኔ ትልቁ ውርሱ “ደህና ነኝ” የሚል ተጫዋችን ማመን እንደማይገባ ማሳየቱ ነው። በመስከረም 2022 እንደ ሴያው የሳሞአ ዝርያ ያለው የማያሚው ኳርተርባክ ቱዋ ታጎቫይሎዋ በአንድ ጨዋታ ተንገዳግዶ እንዲመለስ ተፈቀደለት። ከአራት ቀን በኋላ በሌላ ጨዋታ በቃሬዛ ወጣ። ሊጉ ደንቡን ያጠበቀው ከዚያ በኋላ ነው። አሁን ተጫዋቹ ከተንገዳገደ በዚያ ቀን አይመለስም፤ እሱ ቢለምንም።

በእኛ ኳስስ? የዌስትብሮሙ አጥቂ ጄፍ አስትል በ2002 በ59 ዓመቱ ሲሞት የሞቱን ምክንያት ያጣራው ባለሥልጣን ከሥራው የመጣ በሽታ ነው ብሎ ወሰነ፤ ሥራው በቴስታ ጎል ማግባት ነበር። በ1966 ዓለም ዋንጫ ካነሱት እንግሊዛውያን መካከል ኖቢ ስታይልስንና ቦቢ ቻርልተንን ጨምሮ በርካቶቹ በመርሳት በሽታ ተይዘዋል። በ2019 የግላስጎው ተመራማሪዎች የቀድሞ የስኮትላንድ ፕሮፌሽናሎች በአንጎል በሽታ የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ሕዝብ ሦስት ተኩል እጥፍ እንደሆነ አገኙ። በ2014 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ጀርመናዊው ክሪስቶፍ ክራመር ጭንቅላቱን ተመትቶ ዳኛውን “ይሄ ፍጻሜው ነው?” ብሎ እስኪጠይቅ ድረስ ሜዳ ላይ ነበር። ለአንጎል መናወጥ ተጨማሪ ቅያሪ በቋሚነት በሕጉ የተካተተው በ2024 ነው፤ እሱም ውድድሩ ከፈለገ ነው።

ተጫዋች ልውጣ አይልም፤ ሴያው 20 ዓመት አላለም። አሰልጣኙ ነጥብ ይፈልጋል፣ እኛ ጎል እንፈልጋለን። ስለዚህ ውሳኔው ከሦስታችንም እጅ ወጥቶ ለሐኪሙ መሰጠት አለበት። በሚቀጥለው ጊዜ ጭንቅላቱን ተመትቶ የወደቀ ተጫዋች ሲቀየር ከማፏጨት ይልቅ ማጨብጨብ ብንጀምር፣ ያኔ ጭብጨባችን ቦታውን አገኘ ማለት ነው።