መጽሐፉ 38 ዲግሪ ይላል፤ ቤንዚኑ ግን ተለውጧል

የድሮ ሞተር ሳይክል ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን «ታይሚንጉ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ቁጥር ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ አገር ሜሪደን ውስጥ ለተሠራው ባለ 650 ሲሲ ትራያምፍ ቦነቪል መጽሐፉ 38 ዲግሪ ይላል። ጠያቂው ቁጥሩን ይዞ ወደ መፍቻው ይሮጣል። ለምን 38 እንደ ሆነ የሚነግረው ግን የለም። ብዙ ውድ ሞተር የሚበላሸው በዚህ ክፍተት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካንዴላው ብልጭ ሲል ቤንዚኑ ባንድ አፍታ ነዶ አያልቅም። እሳቱ ሲሊንደሩን ለማዳረስ ጥቂት የሰከንድ ሺኛዎች ይፈጅበታል። ፒስተኑ ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም። በደቂቃ 1,000 ጊዜ የሚዞር ሞተር በአንድ ሺኛ ሰከንድ 6 ዲግሪ ይዞራል። ፍጥነቱ 6,000 ሲደርስ በዚያችው ቅጽበት 36 ዲግሪ ይዞራል። ስለዚህ ብልጭታው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ በፊት መቅደም አለበት፤ ፍጥነት ሲጨምር ደግሞ ይበልጥ መቅደም አለበት።

ቀደም ባለው ዘመን ይህን የሚያደርገው ነጂው ራሱ ነበር። መሪው ላይ ትንሽ ማንሻ አለች። ሞተሩን ሲያስነሣ ብልጭታውን ያዘገይባታል፤ አለዚያ የማስነሻው ፔዳል ተመልሶ እግሩን ይመታዋል። መንገድ ሲይዝ ያስቀድምባታል። በኋላ ይህ ሥራ በዙረት ኃይል ወደ ውጭ ለሚከፈቱ ትናንሽ ክብደቶች ተሰጠ። የቦነቪሉ 38 ዲግሪ እነዚህ ክብደቶች ሙሉ በሙሉ ሲከፈቱ የሚደረስበት ነው። ክብደቶቹ ሲዘጉ ልኩ 14 ዲግሪ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ሞተሩ ቆሞ ሳለ 38 ላይ ቢያስረው፣ በፍጥነት ጊዜ ሌላ 24 ዲግሪ ይጨመርበታል። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ አሳሳሩ ግን ፒስተን ይበሳል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

መጽሐፉን በትክክል ያነበበውም ቢሆን ሌላ ጥያቄ ይጠብቀዋል። ቁጥሩ የተጻፈው ለየትኛው ቤንዚን ነው? እንግሊዞች ከ1939 ጀምሮ በጦርነቱና ከዚያም በኋላ እስከ 1953 (እ.ኤ.አ.) ሁሉም ኩባንያ አንድ ዓይነት አድርጎ የሚሸጠውን ደካማ ቤንዚን ሲቀዱ ኖረዋል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ግን ማደያው እርሳስ የተጨመረበት ባለ 100 ኦክቴን ቤንዚን ነበረው። መጭመቂያው 9 ለ 1 የሆነው ቦነቪል የተቀመረው ለዚያ ዘመን ነው። ዛሬ እዚያው አገር በመደበኛነት የሚቀዳው 95 ኦክቴን ነው፤ እርሳስ የለውም፤ ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ እስከ 10 በመቶ ኤታኖል ይገባበታል። ሞተሩ አልተለወጠም፤ የሚበላው ግን ተለውጧል። ዳገት ላይ ጋዝ ሲሰጡት ብረት በብረት እንደሚመታ የሚያንኳኳ ሞተር «ብልጭታው ቀድሞብኛል» እያለ ነው። አንድ ሁለት ዲግሪ ማዘግየት መጽሐፉን መክዳት አይደለም። አብዝቶ ማዘግየትም መድኃኒት አይሆንም፤ ጉልበት ይጠፋል፣ ጭስ ማውጫው ከልክ በላይ ይግላል።

ከፍታም እንዲሁ ነው። ከባሕር ጠለል ብዙም በማይርቀው ሜሪደን የተጻፈ ቁጥር፣ 2,300 ሜትር ከፍታን ያለፈችው አዲስ አበባ ላይ ያው ትርጉም የለውም። አየሩ ሲሳሳ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ ማንኳኳቱም ይቀንሳል። እዚህ ያላንኳኳ ሞተር ቆላ ሲወርድ ሊያንኳኳ ይችላል።

«ይህ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርጋል? ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ገጥሞ መገላገል ነው» የሚሉ አሉ። ግማሽ እውነት አላቸው። የሚያልቅና ክፍተቱ የሚዛባ ኮንታክት የለበትም፤ ብልጭታውም የተረጋጋ ነው። ግን ሳጥኑ ፒስተኑ የት እንዳለ አያውቅም። የሚነግረው የገጠመው ሰው ነው። በስሕተት ከነገሩት ስሕተቱን ያለ ድካም ይደጋግመዋል። የድሮው ኮንታክት ቢያንስ ከፍቶ ለሚያየው ሰው ሥራውን ያሳያል። የታሸገው ሳጥን አያሳይም፤ መንገድ ላይ ሲሞትም ባለቤቱ ማድረግ የሚችለው ሌላ ማዘዝ ነው።

ትክክለኛው መንገድ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ካንዴላውን ፈቶ በቀዳዳው ፒስተኑን የሚያቆም ማገጃ ማስገባት፤ ዲግሪ የተጻፈበትን ዲስክ ክራንኩ ላይ ማሰር፤ ሞተሩን በእጅ ቀስ አድርጎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እስኪቆም ማዞር። የሁለቱ መቆሚያዎች መካከል እውነተኛው ጫፍ ነው። በዓይን ግምት ጫፍን የሚፈልግ ይሳሳታል፤ ፒስተን ጫፍ ላይ ሲደርስ ክራንኩ ቢዞርም ለዓይን የቆመ ይመስላልና። ማገጃው ከወጣና ልኩ ከታሰረ በኋላ ሞተሩን አስነሥቶ፣ ክብደቶቹ ሙሉ በሙሉ እስኪከፈቱ አፍጥኖ፣ በስትሮብ መብራት ማረጋገጥ ይገባል።

እነዚህን ሞተሮች ያቆዩት መጽሐፎች ብቻ አይደሉም። ቁጥሩን ከምክንያቱ ጋር ያወቁ፣ ድምፅ ሰምተው ልክ የሚያስተካክሉ መካኒኮችም ናቸው። እነሱ እያረጁ ነው። ማኅበራትና መለዋወጫ ሻጮች ዛሬ የሚያድሉት ባብዛኛው የቁጥር ሰንጠረዥ ነው። ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ሦስት ነገር ቢጽፉ ብዙ ሞተር ይተርፋል፦ የሚለካው ሞተሩ ቆሞ ነው ወይስ ሲፈጥን? የተቀመረው ለስንት ኦክቴን ነው? ሲያንኳኳስ ወዴት ይዞር? ይህ ካልተጻፈ ቁጥሩ ይቀራል፤ ሞተሩ ግን በመስታወት ውስጥ ቆሞ የሚታይ ብረት ይሆናል።