የማይሠራ ገንዘብ መሰብሰብ ምን ይጠቅማል?

ዘንድሮ በትምህርት ቤታችን አሮጌ ሳንቲምና አሮጌ የብር ኖት የሚሰበስቡ ተማሪዎች ቍጥር ከፍ ብሎ ይታያል። አንዳንድ ወላጆች ይህን ሲያዩ «የማይሠራ ገንዘብ ማከማቸት ሥራ መፍታት ነው፤ ልጁ ደብተሩን ይያዝ» ሲሉ ይሰማሉ። አጎቴ ደግሞ በተቃራኒው «ብዙ ሰብስብና ዋጋው ሲወደድ ትሸጠዋለህ» እያሉ ይመክሩኛል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ሐሳቦች ከነገሩ ሥር አልደረሱም። ስለዚህ የሚመስለኝን በዚህ በመጽሔታችን ላይ ለመግለጥ እወዳለሁ።

በጠገራ ብር ልጀምር፤ በብዙዎቻችን ቤት፣ በአያቶቻችን ሣጥን ወይም በአንገት ጌጥ ላይ ተንጠልጥሎ አይተነዋልና። በላዩ ላይ ምስሏ የሚታየው ሴት የኦስትሪያ ገዥ የነበረችው ማርያ ትሬዛ ናት፤ የሞተችውም በ1780 እ.ኤ.አ. ነው። ከሞተች በኋላ የተሠሩት ብሮች ሁሉ ይህንኑ 1780 የሚለውን ዓመት ይዘው ወጡ፤ ዛሬም በቪየና ይህንኑ ዓመት እየጻፉ ይሠሩታል። ክብደቱ ከ28 ግራም ጥቂት ይበልጣል፤ ከዚህም ውስጥ ንጹሕ ብሩ 23 ግራም ያህል ነው። የዱሮ ነጋዴዎቻችን ግን በሚዛን ብቻ አያምኑም ነበር። በራሷ ጌጥ ላይ ያሉትን ሉሎች ይቈጥራሉ፤ በትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ በጣታቸው ይዳስሳሉ፤ ምልክቱ የጠፋበትን ብር «አንቀበልም» ብለው ይመልሳሉ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ ያሠሩት የራሳቸው ምስልና አንበሳ ያለበት ብር ክብደቱ ከዚህ ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ፣ ገበያተኛው የለመዳትን ሴት በቀላሉ ሊለቅ አልፈቀደም። ገንዘብ የሚቆመው በእምነት መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ በኢኮኖሚክስ መጽሐፋችን ውስጥ አላገኘሁም።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወር ያለ ጠገራ ብር ገበያችን ውስጥ መግባት እንደማይቻለው ስላወቀ፣ ሞሶሊኒ ማተሚያውን ከቪየና አስመጥቶ በሮም ማሠራት ጀመረ። እንግሊዞችም ብዙ ሳይቆዩ በለንደን አሠሩ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም በቦምባይ አሠሩ። እንግዲህ በአያቴ ሣጥን ውስጥ ያለው አንድ ብር የቪየና፣ የሮም፣ የለንደን ወይም የቦምባይ ሊሆን ይችላል። ዓመቱ ሁሉም ላይ 1780 ነው! ዐዋቂዎች የሚለዩት በሉሎቹ አሠራርና በጀርባው ባለው ንስር የጅራት ላባ ነው። ስለዚህ አያቴን ከየት እንዳገኙት ጠየቅኋቸው። «አባቴ ቡና ሸጠው ያመጡት ነው፤ እኔ ስዳር ሰጡኝ» አሉኝ። ይህን ቃላቸውን ከተነገረኝ ቀን ጋር በደብተሬ ጻፍሁት። ብሩ ግን ከአያቴ ሣጥን አልወጣም፤ እንዲወጣም አልለምንም። እኔ የሰበሰብሁት ታሪኩን ነው።

አጎቴን የምቃወማቸው በዚህ ምክንያት ነው። ሰብሳቢ ዋጋ ብቻ ያሰበ እንደ ሆነ ስለ ሳንቲሙ መጠየቁን ትቶ ስለ ገዢው መጠየቅ ይጀምራል። ሐሰተኛውም የሚገባው በዚህ በር ነው፤ ለጎብኚ ተብሎ ትናንት ተቀርጾ አሮጌ የሚመስል ሳንቲም በየገበያው አይጠፋምና።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የአክሱም ሳንቲም ነው። አክሱም ከንጉሥ እንዱቢስ ዘመን፣ ማለት ከ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ሳንቲም ትሠራ ነበር። ዒዛና ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ የጨረቃውና የክቡ ምልክት ቀርቶ መስቀል ተቀረጸ፤ በገንዘባቸው ላይ መስቀል ካደረጉት የዓለም መንግሥታት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የእኛው ነው። በአንዳንዶቹ የብርና የነሐስ ሳንቲሞች ላይ በንጉሡ ምስል ዙሪያ ወርቅ ይለበጥ ነበር። በዚያ አገር ዝናም አፈሩን ሲያጥበው ሳንቲም ብቅ ይላል፤ ልጆችም አንሥተው ለመንገደኛ ይሸጡታል። የሚሸጠው ልጅ የጥቂት ቀን እንጀራ ያገኛል፤ እርሱን መውቀስ አይገባም። ነገር ግን ሳንቲሙ ከየትኛው ግድግዳ ሥር፣ ከየትኛው የአፈር ንጣፍ እንደ ወጣ ሳይጻፍ ከተወሰደ፣ ያን ቤት ማን መቼ እንደ ሠራው ሊመሰክር የሚችለው ምስክር ጠፋ ማለት ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209/1992 ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው እንዲያስታውቅ ያዝዛል፤ ያለ ፈቃድም ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። እኛ ተማሪዎችም በበኩላችን የአክሱም ሳንቲም በአልበማችን እንዳይገኝ ብንስማማ መልካም ነው። ማየት የሚፈልግ ወደ ሙዚየም ይሂድ፤ ገዢ ከሌለ ቈፋሪም የለም።

ታዲያ ምን እንሰብስብ? ብዙ አለ፤ ገንዘብም አያስወጣም። አሞሌ ጨውን ለሰብሳቢ አልመክርም፤ በክረምት ይረጥባል፤ በእኛ ቤት ቢገኝማ ወጥ ውስጥ ይገባል። ነገር ግን 1936 የሚል ዓመት ያለባቸው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞች በየመሳቢያው አሉ። እነዚህም እንደ ጠገራ ብር ናቸው፤ ከዚያ ዓመት በኋላ ለብዙ ዘመን የተሠሩትም ያንኑ 1936 ይዘዋል። የ25 ሳንቲሙ ሁለት ዐይነት ነው፤ አንዱ ክብ፣ ሌላው ጠርዙ እንደ አበባ የተሸረሸረ፤ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጥ ደስ ያሰኛል። ሽማግሎች 50 ሳንቲምን «ሽልንግ» ሲሉም ስሙ ከሰማይ አልወረደም። እንግሊዞች በ1933 ዓ.ም. ይዘውት የገቡት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ፣ አዲሱ ብር በ1937 ዓ.ም. ሲወጣ ሁለቱ በአንድ ብር ስለ ተመነዘረ ነው።

የወረቀቱ ገንዘብ ነገር ደግሞ የእኛው ዘመን ነው። በ1969 ዓ.ም. የንጉሡ ምስል ያለበት ኖት ተለውጦ ሌላ ሲወጣ አያቶቻችን አይተዋል፤ መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲሶቹ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች፣ ከእነርሱም ጋር የ200 ብር ኖት መውጣታቸው ሲነገር እኛ ገና ልጆች ነበርን። ለመለወጫ የተሰጠው 3 ወር ነበር። በሠፈራችን ያሉ አንዲት እናት ጊዜው ካለፈ በኋላ በዳዊታቸው ውስጥ 3 የመቶ ብር ኖቶች አገኙ፤ አለቀሱም። ከሦስቱ አንዱን ለእኔ ሰጡኝ፤ ያለቀሱበትን ቀን ጭምር ከኖቱ ጋር ጽፌ አኑሬዋለሁ። ይህን ሥራ መፍታት የሚል ካለ፣ ታናሽ ወንድሜ ከእኒያ እናት ታሪክ የተማረውን ይጠይቀው።

ስለ አያያዝ አንድ ነገር ብቻ ልናገር፤ በክፍላችን ብዙ ክርክር አስነሥቷልና። ሳንቲም አይታጠብም። በአመድና በሎሚ የታሸ ሳንቲም ለጊዜው ያበራል፤ ነገር ግን ከጠቈረው ጋር ፊደሉም ይላጣል። ኖትንም በፕላስቲክ ማስለበጥ ተመልሶ የማይነሣ ነገር ነው፤ በንጹሕ ወረቀት መካከል ማስቀመጥ ይበቃል።

ወላጆችንም አንድ ነገር እለምናለሁ። ጠገራ ብር ለአንጥረኛ ተሰጥቶ መስቀል ወይም ቀለበት መሆኑ የቆየ ልማድ ነው፤ ጌጡም ያማረ ነው፤ እንዳይሠራ አልልም። ግን ከመቅለጡ በፊት ብሩን ለልጆችዎ ያሳዩ፤ ማን እንዳመጣውና በምን እንደ ተገዛ ይንገሯቸው፤ በስልክም ፊቱንና ጀርባውን ያንሡት።

ለመምህራኖቻችን የማቀርበው ሐሳብ ደግሞ በቤተ መጻሕፍታችን መግቢያ ቍልፍ ያለው አንድ ባለ መስታወት ሣጥን እንዲቆም ነው። «ይሰረቃል» የሚል እንደሚኖር ዐውቃለሁ። ጠገራ ብሩ በፎቶግራፍ ይግባ፤ ሳንቲሙና አሮጌው ኖት ራሱ ይግባ፤ ከሥሩም ባለቤቱ የነገረን ቃል ይጻፍ። የአያቴን ብር ፎቶግራፍና የደብተሬን ገጽ ቅጂ ለታሪክ መምህራችን አስረክቤአለሁ፤ ሣጥኑ እስኪሠራ ድረስ በእርሳቸው እጅ ነው።