ከሒሳብ መምህር ስለሚገኝ ምስክርነት

በሒሳብ ዲግሪ የተቀበለ ልጁ በአሜሪካ ለዶክቶርነት ማዕረግ ይማር ዘንድ የሚመኝ ወላጅ፣ አስቀድሞ የሚጠይቀው የፈተናውን ነጥብ ነው። ነጥብስ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን መልካም ነጥብ ይዞ የሚያመለክተው እጅግ ብዙ ነው። መራጮቹ ሊቃውንት አጥብቀው የሚመረምሩት መምህራኑ የሚጽፉለትን፣ ብዙውን ጊዜ ሦስት የሚሆነውን፣ የምስክርነት ደብዳቤ ነው። «ትጉህና ጨዋ ነው» የሚል ቃል ብዙ አይረዳውም፤ «ይህን ከባድ ጥያቄ ማንም ሳያሳየው ፈታው» የሚል ግን ይረዳዋል። ይህም ማመልከቻው ሊዘጋ ሲል ተለምኖ የሚገኝ አይደለም። አንድ ዓመት ያህል አስቀድሞ ከመምህሩ ጋራ አናሊሲስን ወይም አልጀብራን በጥልቅ ሊመረምር ይገባዋል፤ ቤተ ዘመድም «ቶሎ ሥራ ይያዝ» እያለ ያን ዓመት ባይነጥቀው መልካም ነው። የተማረበት ዩኒቨርሲቲ በባሕር ማዶ ያልታወቀ እንደሆነ፣ ፕሮፌሰር አብዱስ ሰላም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. በኢጣልያ በትሪዬስት ከተማ ያቋቋሙት የምርምር ማዕከል ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ተማሪዎች የአንድ ዓመት የዲፕሎማ ትምህርት ይሰጣል፤ በዚያም ሥራውን በዓይናቸው ያዩ ሊቃውንት ሊመሰክሩለት ይችላሉ።