የቤተሰብ መኪና መቀየር፦ ምርጫው ሲጠብ ስሌቱ ይረዝማል

አሮጌ ቪትዝ ወይም ኮሮላ ያለው ቤተሰብ "ይቺን ሸጠን ሌላ እንግዛ" ሲል ድሮ የሚጠየቀው "ስንት ሞዴል፣ ስንት ሲሲ?" ነበር። አሁን ነገሩ ተቀይሯል። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በኤሌክትሪክ ከሚሠራ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መንግሥት ከልክሏል። ስለዚህ አዲስ የገባ መኪና የሚፈልግ ሰው ያለው አማራጭ ኤሌክትሪክ ነው። ቤንዚን ካልሆነ የሚል ደግሞ አገር ውስጥ ባለው ላይ ይሻማል።

የመንግሥት ምክንያት ግልጽ ነው። ነዳጅ በዓመት ቢሊዮን ዶላሮችን ይበላል። ኤሌክትሪኩ ግን ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ የሚመነጭ የራሳችን ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ታክሱም የተቃኘው ወደዚሁ ነው። የ2012ቱ የኤክሳይስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ሲጥል፣ የገንዘብ ሚኒስቴር በ2014 ኤሌክትሪክ መኪናን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከሱር ታክስና ከኤክሳይስ ነፃ አድርጓል።

ለዕለት ወጪም ቢሆን ኤሌክትሪክ አያሳፍርም። ቤንዚን በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ በሊትር ከ100 ብር አልፏል። በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር የሚጠጣ መኪና ለዚያ መንገድ ከ700 ብር በላይ ይፈልጋል ማለት ነው። ትንሽ ኤሌክትሪክ መኪና ለዚሁ መንገድ 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢፈጅና የመብራት ዋጋ 10 ብር ነው ብለን ብናስብ እንኳ 150 ብር ነው። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ቢሆንም ልዩነቱ ሰፊ ነው።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? እኛ እንደምናየው አራት ቦታ ላይ ነው።

አንደኛ፣ የት ነው ቻርጅ የምታደርጉት? ግቢ ያለው ሰው ማታ ሰክቶ ይተኛል። በተራ ሶኬት 3 ኪሎ ዋት ቢያገኝ 40 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ለመሙላት 13 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ ይረዝማል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሰውስ? ገመድ በመስኮት አይወርድም። ለእሱ መኪናው ርካሽ መሆኑ ቀርቶ በየሳምንቱ ቻርጀር ፍለጋ ወረፋ መያዝ ሊሆንበት ይችላል።

ሁለተኛ፣ የት ነው የምትሄዱት፣ ምን ጭናችሁ? ቢዋይዲ ሲጋል በትልቁ ባትሪው 405 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሎ የተጻፈው በቻይና መለኪያ ነው። በፈጣን መንገድ፣ ሰው ሞልቶ ሲኬድ ከዚያ ላይ ሩብ ወይም ከዚያ በላይ መቀነስ ብልህነት ነው። ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአንድ ቻርጅ ለጥቂት ይደረሳል። ስትሄዱ መንገዱ በአብዛኛው ቁልቁል ነው፣ ስትመለሱ ግን ዳገት። በዚያ ላይ ሲጋል በቻይና የሚሸጠው ባለ 4 ወንበር ነው፤ ስድስት ሆነው የሚጓዙ ቤተሰቦች ገና ከጅምሩ ውጪ ናቸው።

ትልቁን ፎልክስዋገን አይዲ 6 ብትወስዱ ወንበሩ 6 ወይም 7 ነው፣ ክብደቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከነሰውና ጓዙ 2.5 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ከፍታ ለመውጣት ብቻ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ከዓባይ በረሃ ግርጌ እስከ ደጀን ያለው ዳገት ከዚህም ይበልጣል። ቁልቁለቱ የተወሰነውን ይመልሳል፣ ሁሉንም ግን አይደለም። አውሮፓ ውስጥ ካራቫን የሚጎትቱ ቤተሰቦች የኤሌክትሪክ መኪናቸው የሚሄደው ርቀት ወደ ግማሽ ሲወርድ ያያሉ። እኛ ካራቫን የለንም፣ ግን ፖርቶመጋላ ላይ ጤፍና ፍራሽ እንጭናለን። ጭነቱም ንፋሱም ባትሪውን ይበላሉ።

ሦስተኛ፣ ሶኬቱ። የቻይና ገበያ መኪና ጂቢ/ቲ የሚባለውን መሰኪያ ይዞ ይመጣል፤ ለአውሮፓ የተሠራው ደግሞ ሲሲኤስ 2 ነው። በምትሄዱበት መንገድ ያለው ፈጣን ቻርጀር የትኛውን እንደሚቀበል ሳታጣሩ ቀብድ አትክፈሉ። አይዲ 6 ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራ መኪና ነው፤ መስተዋት ወይም መብራት ቢሰበር ዕቃው ከየት እንደሚመጣም ጠይቁ።

አራተኛው ላይ ሰው ብዙ አያወራም፣ እኛ ግን ዋናው ይመስለናል። በአገራችን መኪና መጓጓዣ ብቻ ሳይሆን ቁጠባም ነው። ሰው ቪትዝ ገዝቶ አምስት ዓመት ነድቶ በገዛበት ወይም ከዚያ በላይ ይሸጣል። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ሲደረግ 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አልፏል፤ መኪና የነበረው ሰው ገንዘቡ አልቀለጠበትም። ኤሌክትሪክ መኪና ግን እንዲህ መሆኑ አጠራጣሪ ነው። ባትሪው ከዕድሜው ጋር ይደክማል፤ አዲሱ ሞዴል ደግሞ በየዓመቱ ይሻሻላል። ሁለተኛ ገዢ የመጀመሪያ ጥያቄው "ባትሪው ስንት በመቶ ቀርቶታል?" ነው የሚሆነው። ያንን መዝኖ የምስክር ወረቀት የሚሰጥ የታመነ አካል ከሌለ ገበያው በወሬ ይመራል።

እዚህ ላይ ነው የፖሊሲው ክፍተት። መንግሥት የነዳጅ ዶላሩን ያድናል፣ የባትሪውን ሥጋት ግን ቤተሰቡ ብቻውን ተሸክሞታል። ክልከላው በአንድ ማስታወቂያ ወጣ፤ በየመንገዱ የሚቆም ቻርጀር፣ አንድ ወጥ መሰኪያ፣ የኮንዶሚኒየም ቆጣሪና የባትሪ ምርመራ ግን በማስታወቂያ አይመጡም። የተከለከለውን ያህል የሚተካውም መታየት አለበት።

እስከዚያው ስሌቱን ለራሳችሁ አስሉ። ግቢ ያላችሁ፣ ውሏችሁ ከተማ ውስጥ የሆነ፣ ክፍለ ሀገር በዓመት አንዴ የምትወጡ ከሆነ ኤሌክትሪክ ያዋጣችኋል፤ ለዚያች አንድ ጉዞ መኪና መከራየት ይቀላል። ቻርጅ ማድረጊያ የሌላችሁ ወይም በየወሩ ዓባይን የምትሻገሩ ከሆነ ያለችውን መኪና ሞተር አሳድሶ መቆየት ሽንፈት አይደለም። ያገለገለ ኤሌክትሪክ የምትገዙ ደግሞ ባትሪውን በኮምፒውተር ሳታስመረምሩ፣ እስኪያልቅም ባይሆን ግማሽ ቀን ሳትነዱ ብር አትቁጠሩ።

ኤሌክትሪክ መኪና የያዛችሁ ተከታታዮቻችን፣ ክፍለ ሀገር ስትወጡ እውነተኛው ርቀት ስንት ሆነ? ጻፉልን፤ ሊገዛ ላሰበ ቤተሰብ ከሻጭ ወሬ የእናንተ ቁጥር ይጠቅመዋል።