ከዳቡስ እስከ ውቅያኖስ፦ በባሕር ከፍታ ማስያ ውስጥ ስለሚገቡ አኃዞች

ከባምባሲ በስተምሥራቅ የሚወርደው የዳቡስ ወንዝ ዓባይን ተቀላቅሎ ጉባ ላይ ወደተንጣለለው የንጋት ሐይቅ ይገባል። ሐይቁ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የመያዝ አቅም አለው። ይህን ያህል ውኃ በየብስ ላይ ሲታገድ የዓለም ባሕር ምን ያህል ዝቅ ይላል? ጥያቄው ከባሕር ርቆ ለሚሠራ ተመራማሪ ባዕድ ቢመስልም፣ ቀላል የባሕር ከፍታ ማስያ እንዴት እንደሚሠራ ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ተማሪ ለማሳየት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ የለም። ስሌቱ አንድ ማካፈል ብቻ ነው፤ የውኃው መጠን ለውቅያኖሶች ስፋት፣ ማለትም ለ361 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ሲካፈል 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወጣል።

ማካፈሉ ትክክል ነው፤ ተካፋዩ ግን አጠያያቂ ነው። 74 የሐይቁ አቅም እንጂ ከባሕር የቀረው ውኃ ልክ አይደለም። ሐይቁ በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ኃይል ለማመንጨት ሲለቀቅ ይጎድላል። ከዚህም በላይ፣ ጉባ ላይ በታገደው ልክ ከአስዋን ግድብ በስተኋላ ያለው የናስር ሐይቅ ቢጎድል ኖሮ የየብሱ ጠቅላላ ክምችት ስለማይለወጥ ትክክለኛው ግብዓት ዜሮ ይሆን ነበር። ወደ ማስያው መግባት ያለበት በሁለት የታወቁ ቀናት መካከል የታየው የተጣራ የክምችት ለውጥ ነው።

አካፋዩም ቢሆን እንዲሁ በዘፈቀደ አይወሰድም። ለጥቂት ሚሊ ሜትር ለውጥ የውቅያኖስን ስፋት ቋሚ አድርጎ መውሰድ ያስኬዳል። ያንኑ ቀመር ለንጋት ሐይቅ የሚጠቀም ግን ይሳሳታል። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ለሐይቁ ሙሉ ስፋት፣ ለ1,874 ስኩዌር ኪሎ ሜትር፣ ሲካፈል 39 ሜትር ተኩል ያህል ይሰጣል፤ የዋናው ግድብ ቁመት ግን 145 ሜትር ነው። ሸለቆው ከታች ጠባብ፣ ከላይ ሰፊ ነውና የመጀመሪያው አንድ ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃውን ብዙ ሜትር ከፍ ሲያደርገው የመጨረሻው አንድ ቢሊዮን ግማሽ ሜትር ያህል ብቻ ይጨምራል። በሐይቁ ዳር ለሚያርስ ወይም ዓሣ ለሚያጠምድ ሰው ይህ ልዩነት የሂሳብ ጨዋታ አይደለም።

አንድ የአገር ውስጥ ወጥመድም አለ፤ የዘመን አቆጣጠር። የባሕር ከፍታ ማስያዎች የሚጠይቁት የአውሮፓውያኑን ዓመት ነው። የሐይቁ ውኃ ሙሌት የተጀመረው በሐምሌ 2012 ዓ.ም. በመሆኑ «2012» ብሎ የሚያስገባ ተማሪ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። የአየር ንብረት ለውጥ የበይነ መንግሥታት ጉባኤ ከ2006 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ላለው ጊዜ ባወጣው የ3.7 ሚሊ ሜትር ዓመታዊ ጭማሪ ሲሰላ ስሕተቱ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ሙሉው የንጋት ሐይቅ ከሚያመጣው ለውጥ ወደ 150 እጥፍ ይጠጋል።

በማስያው ላይ አስቀድሞ ተሞልቶ የተገኘን አኃዝ እንዳለ መቅዳት ይህን ሁሉ ይሸፍናል። የመመረቂያ ጽሑፍ ሠንጠረዥ ከእያንዳንዱ ግብዓት ጎን የተለካበትን ቀን፣ የዘመን አቆጣጠሩን፣ የመነሻ ከፍታውንና የተመረጠበትን ምክንያት የሚይዝ ዓምድ ሊኖረው ይገባል። ዓምዱ ባዶ ከሆነ ፈታኙ ውጤቱን ከማንበቡ በፊት ጽሑፉን ቢመልሰው የሚነቀፍ አይደለም።