ርግብና የቤታችን ጣራ

ርግብ በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት የተከበረች ወፍ ናት። ለኖኅ የውሃውን መጉደል ያበሰረች እርስዋ ናት፤ መንፈስ ቅዱስም በዮርዳኖስ በርግብ አምሳል ወርዷል። ስለዚህ ብዙ ምእመናን በጣራ ሥር የሰፈረችውን ርግብ ማስለቀቅ ኃጢአት ይመስላቸዋል። አክብሮታቸውን አንነቅፍም፤ ነገር ግን አምሳልዋን ማክበርና ኵሷን ማከማቸት አንድ አይደለም።

በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው ምድር ባቡር ያልፍባት በነበረችው በኤረር፣ እንደ ሌላውም ቆላ ሁሉ፣ ኵሱ ፈጥኖ ይደርቃል፤ ሲጠረግም ትቢያ ሆኖ በትንፋሽ ወደ ሳንባ ይገባል። በውስጡ ክሪፕቶኮከስ የሚባል በዓይን የማይታይ ፈንገስ ሊራባ ይችላል። ይህም ጤነኛውን እምብዛም አይጎዳም፤ በኤች አይ ቪ ወይም በሌላ ደዌ የሰውነት መከላከያው የደከመውን ግን ይዞ የአንጎልን ሽፋን ያስቆጣል፤ ካልታከመም ይገድላል። በደጀ ሰላም ጥላ ሥር ለጠበል የሚያድሩት ሕሙማን ከእነዚህ ወገን ሊሆኑ እንደሚችሉ እናስብ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ርግብ በተፈጥሮዋ የገደል ወፍ ናት፤ የግንብ ክፍተትም ገደል ይመስላታል። ስለዚህ እንቁላልና ጫጩት አለመኖሩን አይተን ክፍተቱን በሽቦ ወንፊት እንድፈን፤ እህል አንበትንላት፤ የውሃ በርሜላችንን እንክደን። ኵሱን በደረቁ አንጥረግ፤ አስቀድመን ውሃ እንርጭበት፣ አፍና አፍንጫችንን እንሸፍን፣ በኋላም እጃችንን በሳሙና እንታጠብ። ሕፃናትና ሕሙማን በዚያን ጊዜ ይራቁ።

ኖኅ ርግቢቱን እጁን ዘርግቶ ተቀበላት፤ ጊዜው ሲደርስ ግን አሰናበታት። እኛም ያለ ጭካኔ እናሰናብታት።