የተርባይኖቹን መረጃ ማንበብ የኛ ሥራ ይሁን

ሀና ማርያም ያለ ባለወፍጮ የሞተሩ ድምፅ ሲለወጥበት እጁን ሰደድ አድርጎ ሙቀቱን ይዳስሳል። ኩሽኔታው ሊሄድ መሆኑ አይጠፋውም፤ ሳይነክስበት ይቀይረዋል። ወፍጮውን ለሚያንቀሳቅሰው መስመር ኃይል ከሚያዋጡት መካከል ያሉት የአዳማ ነፋስ ተርባይኖች ግን ማማ ላይ ናቸው። ማን ወጥቶ ይዳስሳቸው?

ደግነቱ ራሳቸው ይናገራሉ። ስካዳ የሚባለው የመቆጣጠሪያ ሥርዓት የነፋሱን ፍጥነት፣ የሚመነጨውን ኃይል፣ የጀነሬተሩንና የኩሽኔታውን ሙቀት በተለምዶ በየ10 ደቂቃው አማካይ አድርጎ ይመዘግባል። አዳማ 1 (2012 እ.ኤ.አ.) 34፣ አዳማ 2 (2015 እ.ኤ.አ.) 102 ተርባይኖች አሏቸው። በዚህ ስሌት ከሁለቱ በቀን 19,584 መስመር መረጃ ይወጣል። አዲስ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም፤ አንባቢ ነው የሚያስፈልገው።

የኩሽኔታ ሙቀት ማስጠንቀቂያው የሚጮኸው 85 ዲግሪ ላይ ነው እንበል። በአንድ ዓይነት ነፋስ ጎረቤቶቹ 60 ላይ ሲሆኑ አንዱ ተርባይን ብቻ 68 ከደረሰና ይህም ለሳምንታት ከቀጠለ፣ ደወል ባይሰማም ነገር አለ። መለዋወጫ ከውጭ፣ ያውም በውጭ ምንዛሪ ለሚመጣበት አገር እነዚያ ሳምንታት ትልቅ ዋጋ አላቸው። በተለይ የግድቦች ውኃ በሚቀንስበት በጋ ላይ ተርባይን ከቆመ ጉዳቱ ድርብ ነው።

መረጃው ሁሉን ያያል አንልም። የ10 ደቂቃ አማካይ የማርሽ ጥርስ ስንጥቅ የሚፈጥረውን ፈጣን ንዝረት ይውጠዋል። ከመቆጣጠሪያ ማዕከል «ቀንሱ» ሲባል የሚወርደው ምርትም ብልሽት ሊመስል ይችላል። አንዱን መለኪያ ለሁሉም መጫንም አይሆንም፤ የአዳማ 1 የጎልድዊንድ ማሽኖች ጊርቦክስ የላቸውም፣ የአዳማ 2ቱ የሳኒ ማሽኖች አላቸው። ስለዚህ ማሽኑን የሚያውቅ የራሳችን መሐንዲስ የግድ ነው።

አቋማችን ግልጽ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ይህን ንባብ ተጠያቂ ክፍል ያለው የዕለት ተዕለት ሥራ ያድርገው። የጥገና መዝገቡም ከመረጃው ጋር ይያያዝ፤ የትኛው ኩሽኔታ መቼ እንደተቀየረ ካልተጻፈ የሙቀቱ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። ከእንግዲህ ለሚተከሉት ደግሞ ጥሬው መረጃ ሙሉ በሙሉ የገዢው መሆኑ በውሉ ይስፈር። ይህ ያልሰፈረበት ውል መፈረም የለበትም።